ድንኳን፣ ከሰልና ጨረቃ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የማታ ካምፕ ፎቶን በመብራት መሥራት

ድንኳኑ ከውስጥ ሞቅ ብሎ ሲያበራ፣ ሁለት ሰዎች ጋቢ ተከናንበው ከሰል ሲሞቁ፣ ከኋላቸው አዲስ አበባ ተንጣልላ ስታብለጨልጭ፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያዩት በአጋጣሚ የተነሣ ይመስላል። እውነተኛ ካምፕ ሄዳችሁ እንዳለ ብታነሱት ግን ከሰሉ ቀይ ነጥብ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ድንኳኑም ወይ የማይታይ ወይ እንደ አምፖል የነደደ ሆኖ ይወጣል። ዓይን ጨለማን ይለምዳል፤ ካሜራ አይለምድም። ስለዚህ እያንዳንዱን ብርሃን ለየብቻው ተክሎ፣ ለክቶ፣ ከሌላው ጋር አስማምቶ መሥራት የግድ ነው።

ሥራውን ሁሉ የሚመራው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ብርሃን የማን ነው? ፊት ላይ ያረፈው ብርቱካናማ የከሰሉ ነው። ትከሻ ላይ የተሰመረው ሰማያዊ የጨረቃ ነው። ድንኳኑን የሚያሞቀው ውስጡ የተሰቀለው ፋኖስ ነው። ባለቤቱ የማይታወቅ ብርሃን ከገባ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም “ስቱዲዮ ይመስላል” ብሎ ያልፈዋል።

ምሳሌ አድርገን የምንሠራው አንድ ድንኳን፣ ሁለት ሰዎች፣ ጀበና የተጣደበት አንድ የከሰል ማንደጃና ከበስተጀርባ የከተማ መብራት ያለበትን ትዕይንት ነው።

ቦታውና ሰዓቱ

የከተማውን መብራት ከፈለጋችሁ የእንጦጦ ተራራ ደቡብ የሚያይበት ጎን ይሻላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከተማዋ ከእግር ሥር ትተኛለች። ከዋክብት ከፈለጋችሁ ግን ፊታችሁን አዙሩ። በእንጦጦ ላይ ወደ ደቡብ ያለው ሰማይ በከተማው ብርሃን የታጠበ ነው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሱሉልታ በኩል ያለው ይበልጥ ይጠቁራል። ሁለቱን በአንድ ፍሬም ለማግኘት መታገል ትርፉ ድካም ነው። ከተማም ኮከብም የማያስፈልገው፣ ረጃጅም ዛፍና በቅርንጫፍ መሐል የሚያልፍ የጨረቃ ብርሃን የሚፈልግ ሰው መናገሻ ሱባ ያለው የጥድ ደን ይስማማዋል። ለገዳዲና ገፈርሳ የውኃው ነጸብራቅ ቢያምርም የከተማው የመጠጥ ውኃ ግድቦች ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ማታ ድንኳን የሚተከልባቸው ቦታዎች አይደሉም።

የትም ቢሆን በቀን ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ የጥበቃ ሠራተኛውንና በአቅራቢያው ያሉትን ነዋሪዎች አነጋግሩ። “አባባ፣ ማታ እዚህ ጋ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ካዩ እኛ ነን፤ ፎቶ ነው የምናነሣው” ማለት ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ካልተነገረ ግን ጨለማ ውስጥ የሚፈነዳ ፍላሽ ሰው ያስደነግጣል፣ ውሻ ያስነሣል፣ ሥራውም እዚያው ላይ ይቆማል። በነዚህ ተራሮች ጅብም አለ። ምግብ ክፍት አትተዉ፤ ከመብራት ራቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሂድ።

አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ድንግዝግዝታው አጭር ነው። በኅዳር ፀሐይ ከማታው 12፡05 ግድም ትጠልቃለች፤ በየካቲት ደግሞ 12፡37 ግድም። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ከከተማው መብራት ጋር የሚመጣጠነው ከዚያ በኋላ ከ24ኛው እስከ 32ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ስምንት ደቂቃ ማለት ነው! በዚያች ጊዜ ውስጥ ስታንድ የሚያስተካክል፣ ጄል (ፍላሽ ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም ስስ ፕላስቲክ) የሚፈልግ፣ “ባትሪው የት ሄደ” የሚል ሰው ካለ ምሽቱ አልፏል። ስለዚህ በኅዳር ለመሥራት ከቀኑ 10 ሰዓት ቦታው ላይ ድረሱ፤ 11 ሰዓት ላይ ድንኳኑ ይቁም፤ 11፡45 ላይ መብራቶቹ ሁሉ ቦታቸውን ይዘው ይሞከሩ።

ድንኳኑን ከገደሉ ጠርዝ ቢያንስ 5 ሜትር አርቁ። ጠርዙ ላይ ነጭ ፌስታል የታሰረባቸው ጥቂት እንጨቶች በቀን ትከሉ፤ ጨለማ ውስጥ ወደ ኋላ እየሄደ መብራት የሚያይ ረዳት እግሩ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ስትጨርሱ እንጨቱንም ፌስታሉንም ይዛችሁ ተመለሱ።

ዕቃው

በእጅ የሚስተካከል ማንኛውም ካሜራ፣ ከ16 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያለ ሌንስ፣ የማይንቀጠቀጥ ትራይፖድ። ካሜራው ላይ የሚሰኩ ዓይነት ሦስት ትንንሽ ፍላሾች ከሬድዮ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት ከሚያስነሣ መሣሪያ) ጋር። የሌላ ፍላሽ ብርሃን ሲያይ የሚነሣው ስሌቭ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ወይም ከሰው ጀርባ ሲደበቅ ይስታል፤ ሬድዮው በጨርቅ ያልፋል። ሪሲቨሩን (ፍላሹ ጋ ያለውን የሬድዮ ተቀባይ) ግን መሬት ላይ አታስተኙት፤ መሬቱ በተለይ እርጥብ ሲሆን ሲግናሉን ይውጠዋል። ግማሽ ሜትር እንኳ ከፍ ማድረግ ብዙ ለውጥ አለው።

ሲቲኦ የሚባለው ብርቱካናማ ጄል፦ ጠንከር ያለው ሙሉው ሁለት፣ ፈዘዝ ያለው ግማሹ ሦስት። ጄል ያጣ ሰው የከረሜላ መጠቅለያ ሴሎፎን ወይም ቢጫ ፌስታል ይሞክራል። ሴሎፎኑ ብርቱካናማ ከሆነ ያስኬዳል። ቢጫ ፌስታል ግን ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያዘለ ብርሃን ይሰጥና ፊትን የታመመ ያስመስለዋል፤ በዚያ ላይ የፍላሹ ጭንቅላት ሲሞቅ ቀልጦ ይጣበቃል።

ከዚህ ሌላ፦ መብራት ሲጠፋ ቤት የምንጠቀምበት ቻርጅ የሚደረግ የኤልኢዲ አምፖል፣ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት፣ ሶፍት፣ ፎይል፣ ጥቁር ፕላስተር፣ ዐሥር ያህል የልብስ መቆንጠጫ፣ ሁለት የመብራት ስታንድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የእጅ ወይም የግንባር ባትሪ፣ ነጭ ጋቢ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ። ጀሪካኑ ሁለት ሥራ አለው፦ እንጦጦ ላይ ማታ ማታ የሚነሣው ነፋስ ስታንዱን እንዳይጥለው ታስሮበት ይቀመጣል፤ እሳት ቢያመልጥም ያጠፋል። ስለዚህ በቀላሉ በሚፈታ ገመድ እሰሩት።

ለፍላሹ የሚሆነው የባትሪ ድንጋይ ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት ይሁን፤ ፍላሹን ቶሎ ይሞላል። መለዋወጫውን ኪሳችሁ ውስጥ፣ ከሰውነት አጠገብ አኑሩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቦርሳ ውስጥ የዋለ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ ባዶ ነኝ ይላል።

ካሜራውን መትከል

ሌንሱ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከሰዎቹ 5 ሜትር ርቆ ይቁም። 5 ሜትር ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። በፉል ፍሬም (ሰፊ ሴንሰር ባለው) ካሜራ ላይ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 4 (የአፐርቸሩ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ወደ 5 ሜትር ፎከስ ሲደረግ ከ2.5 ሜትር አንሥቶ እስከ አድማስ ያለው በቂ ጥራት ይኖረዋል፤ ሰዎቹም ድንኳኑም ከተማውም በአንድ ፎከስ ይያዛሉ። 16 ሚሊ ሜትር የተገጠመለት ክሮፕ (ሴንሰሩ አነስ ያለ) ካሜራም በዚያው ርቀት ይበቃዋል። ገና ብርሃን ሳለ ፎከሱን ያዙና ወደ ማኑዋል መልሱት፤ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፉት። ጨለማ ውስጥ አውቶፎከስ ወዲያና ወዲህ እየዋኘ የምትፈልጓትን ደቂቃ ይበላባችኋል።

መነሻው ይህ ነው፦ ማኑዋል፣ ሮው (ጥሬ ፋይል)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት አቅም) 800፣ ኤፍ 4፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) 3,800 ኬልቪን። የሌንስ ማረጋጊያው ይጥፋ። ሻተሩ (ካሜራው ለብርሃን ክፍት የሚሆንበት ጊዜ) ሲረዝም የሚሠራው የኖይዝ (የፎቶ ነጠብጣብ) ማጽጃም ይጥፋ፤ የአራት ሰከንድ ፎቶ ሌላ አራት ሰከንድ ያስጠብቃችኋል። ማንሻው ላይ የሁለት ሰከንድ ታይመር ይግባ።

ዋይት ባላንሱ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ የፎቶው ቀለም ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነውና። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ካሜራው ከተቀመጠበት ቁጥር በላይ ያለ ብርሃን ሰማያዊ፣ በታች ያለው ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ያለ ጄል የሚተኮስ ፍላሽ 5,500 ኬልቪን ያህል ነው። ካሜራው 3,800 ላይ ሲቀመጥ ይህ ፍላሽ ሰማያዊ ይሆናል፤ ለጨረቃ የሚያስፈልገን ይኸው ነው፣ ሰማያዊ ጄል አያሻም። ሙሉ ሲቲኦ የለበሰው ወደ 2,900 ይወርዳል፤ ግማሽ ሲደረብበት ወደ 2,300 ኬልቪን ይጠጋል፣ እሳት ይመስላል። አውቶ ዋይት ባላንስ ከተተወ ግን ካሜራው ብርቱካናማውን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያጥበዋል።

ሌላው መያዝ ያለበት፦ ሻተሩ ሰማዩን፣ ከተማውን፣ ፍሙን፣ አምፖሉን ያዝዛል፤ የፍላሹን መጠን አይነካውም። የፍላሹን መጠን የሚለውጡት አፐርቸሩ፣ አይኤስኦውና የፍላሹ የራሱ ኃይል ናቸው። ይህን የለየ ሰው ሰማዩ ሲጨልምበት ሻተሩን ብቻ እያረዘመ ይሄዳል፤ ፊቱ ላይ የለካው ብርሃን እንዳለ ይቆያል።

የከሰሉ ብርሃን

ፎቶው የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ነው። የተለመደው ስሕተት ፍላሽ በስታንድ ላይ አድርጎ ከጎን ሦስት ሜትር ላይ ማቆም ነው። ቀለሙ እሳት ይመስላል፤ ብርሃኑ ግን እንደ እሳት አይሠራም፤ ሁለቱንም ሰው እኩል ያበራል፣ ከወገብ በላይና በታች እኩል ይመታል። እውነተኛ እሳት አጠገቡ ያለውን አብርቶ ወዲያው ይከስማል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። አንድ ሜትር ላይ ያለው ሰው ሁለት ሜትር ላይ ካለው አራት እጥፍ ይደምቃል። ይህን መውደቅ የምታገኙት ፍላሹን እሳቱ ያለበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ማንደጃው ጋ ስታስቀምጡት ብቻ ነው።

እንዲህ ይደረጋል። ማንደጃው በካሜራውና በሰዎቹ መሐል፣ ከሁለቱ ሰዎች ፊት አንድ ሜትር ገደማ ርቆ ይቀመጥ። ፊት ለፊቱ፣ በካሜራው በኩል፣ ሦስት ጉልቻ የሚያህሉ ድንጋዮችና አንድ ሁለት ግንድ ይደርደሩ። ፍላሹ ከድንጋዮቹ ጀርባ፣ ከማንደጃው ጎን፣ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ነገር ላይ ሆኖ ወደ ሰዎቹ ይዙር። ሙሉና ግማሽ ሲቲኦ ይልበስ። ካሜራው እንዳያየው በድንጋይና በግንድ ይሸፈን።

አሁን ኃይሉ። በ35 ሚሊ ሜትር ዙም ላይ፣ በአይኤስኦ 100፣ ጋይድ ነምበሩ 36 የሆነ ፍላሽ እንያዝ፤ ጋይድ ነምበር የፍላሹ ጉልበት መለኪያ ነው፣ ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል ብርሃኑ ልክ የሚሆንበትን ርቀት በሜትር ይሰጣል። በአይኤስኦ 800 ይህ ቁጥር ወደ 100 ያድጋል። የመጨረሻ ዝቅተኛው ኃይል፣ የሙሉው 1/128 ላይ ስታወርዱት 9 ይሆናል፤ ለኤፍ 4 ሲካፈል 2.25 ሜትር። ሁለቱ ጄሎች ከአንድ ስቶፕ (ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ከሚሆንበት ደረጃ) ትንሽ በላይ ይበላሉ፤ ስለዚህ 1.5 ሜትር ገደማ ይቀራል። የኛ ሰዎች ያሉት ግን 1 ሜትር ላይ ነው። የፍላሹ ኃይል ከመጨረሻው ወርዶም አንድ ስቶፕ ይተርፋል፤ በማታ ፎቶ ላይ ደግሞ ፊት ከልኩ አንድ ስቶፕ ያህል ዝቅ ቢል ነው የሚታመነው። ሁለት ስቶፕ ማጥፋት አለብን ማለት ነው። መጋገሪያ ወረቀት አጣጥፋችሁ ጭንቅላቱ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ አንድ ንብርብር በግምት አንድ ስቶፕ ይቀንሳል፣ ሁለት ንብርብር ይበቃል። ወረቀቱ ብርሃኑን ስለሚበትነው የጥላውም ጠርዝ ይለሰልሳል። ብዙ ሰው ግን እዚህ ጋ ሲደርስ አፐርቸሩን ይዘጋል፣ ሰማዩም ከተማውም አብረው ይጠፉበታል።

ከታች የሚመጣ ብርሃን የአፍንጫን ጥላ ወደ ላይ ይልካል፣ ፊትን የጭራቅ ያደርጋል። ሁለት መላ አለው። አንደኛው አቀማመጥ ነው፦ ሰዎቹ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ወደ ማንደጃው ጎንበስ ይበሉ፤ ፊታቸው ከፍላሹ ጋር ወደ እኩል ከፍታ ይቀርባል። አንዷ ቡና እየቀዳች፣ ሌላው ሲኒ ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ከሆነ ጎንበስ ማለቱ ራሱ ምክንያት አገኘ። ሁለተኛው ፋኖስ ነው። ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ የኤልኢዲ ሻማ የገባበት ፋኖስ ይሰቀል፤ ከፍሬሙ ውጭ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ግማሽ ሲቲኦ የለበሰ ደካማ ብርሃን ከላይ ይምጣ። ባለቤቱ ፋኖሱ ነው፤ ማንም አይጠይቅም።

ነጩ ጋቢ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ከሰዎቹ አንዱ ለብሶት ከታየ የእሳቱን ቀለም ከማንም በላይ ይቀበላል፤ ጥበቡ ሳይቀር ይነበባል። ከፍሬሙ በታች መሬት ላይ ቢነጠፍ ደግሞ የአገጭ ሥርንና የዓይን ጉድጓድን በቀስታ ያበራል። ከመጠን በላይ ነጭ ሆኖ ዝርዝሩ ከጠፋ ጋቢውን ከትከሻ ወደ ጉልበት ማውረድ ፍላሹን ከመቀየር ይቀልላል።

ስለ እውነተኛው እሳት አጭር ማሳሰቢያ፦ ባህር ዛፍ ሥር ነበልባል አታንድዱ። የደረቀው ቅጠል ዘይት አለው፤ አንዴ ከያዘ አይመለስም። ከሰል ይበቃል። ማንደጃው ቆርቆሮ ላይ ይቀመጥ፣ ዙሪያው ሁለት ሜትር ቅጠል ይጠረግ። ብርዱ የቱንም ያህል ቢከፋ ማንደጃውን ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል።

ድንኳኑ

ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ፈዛዛ ክሬም ድንኳን ያምራል፤ አረንጓዴው ውስጡ ያለውን ሰው ፊት ያረነጉዳል። ውስጡ ጥቁር ወይም ብርማ ሽፋን ያለው ድንኳን ብርሃን አያሳልፍም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ባትሪ አብርታችሁ አረጋግጡ። የላይኛው የዝናብ ሽፋን ይደረብ፤ መረቡ ብቻ ከሆነ አምፖሉ ራሱ ይታያል።

አምፖል ወይስ ፍላሽ? ቻርጅ የሚደረገው አምፖል ምቹ ነው፣ ነገር ግን ወጥመድ አለው። ድንግዝግዝታ ላይ ሻተሩን በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ ገደማ እጥፍ ታደርጉታላችሁ፤ ድንኳኑም አብሮ እጥፍ ይደምቃል። ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ቆንጆው ድንኳን የነደደ አምፖል ይሆናል። በአምፖል የሚሠራ ሰው ሻተሩን እጥፍ ባደረገ ቁጥር አንድ ሁለት ድርብ ሶፍት መጠቅለል አለበት። ፍላሽ ከሆነ ይህ ጣጣ የለም፦ 1/64 ላይ፣ ግማሽ ሲቲኦ ለብሶ፣ ወደ ጣሪያው የኋላ ማዕዘን ዞሮ፣ መጋገሪያ ወረቀት ተደርጎበት።

መለኪያው ቀላል ነው፤ ፎቶውን አጉልታችሁ የድንኳኑን ስፌት ፈልጉ። ስፌቱና የጨርቁ ቀለም ከታየ ልክ ነው። ስፌቱ ከጠፋ በዝቷል። ውስጥ ያለ ቦርሳ ግድግዳውን ተደግፎ ከሆነ ጥቁር ጉብታ ሆኖ ይወጣል፤ ወደ መሐል ይምጣ። በሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ይከፈት፣ የታጠፈ ቡልኮ ጫፍ ይታይ፤ የሚያበራው ነገር ራሱ ግን አይታይ። ውስጥ የሰው ጥላ ከተፈለገ ወረቀቱ ይነሣና ፍላሹ ከሰውየው ኋላ ራቅ ይበል፣ ሰውየውም ወደ ግድግዳው ይጠጋ፤ ጥላው የሚጠራው ያኔ ነው።

ጨረቃዋ

ሦስተኛው ፍላሽ ከሰዎቹ ኋላና ጎን፣ 8 ሜትር ላይ፣ በ3 ሜትር ስታንድ፣ ያለ ጄል፣ በ1/32። ይህ ከትክክለኛው ልክ ወደ ሁለት ስቶፕ ዝቅ ያለ ነው፤ መሆን ያለበትም እንደዚያው ነው። ሥራው የፀጉርን፣ የትከሻንና የድንኳኑን ጠርዝ ከጨለማው መለየት ብቻ ነው። መሬቱን ሁሉ ካበራ የስታዲየም መብራት ሆኗል። በባህር ዛፍ ቅርንጫፍ መሐል ካሳለፋችሁት መሬቱ ላይ የተቆራረጠ ጥላ ይጥላል፣ ጨረቃነቱም ይታመናል። በካሜራው በኩል ካርቶን ቁረጡና ጋርዱት፤ አለበለዚያ ሌንሱ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነጸብራቅ ያመጣል።

እውነተኛ ጨረቃ ካለች ፍላሹ በእሷ በኩል ይቁም። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ገደማ ስለምትወጣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ለጥላ የሚመች ከፍታ ላይ ናት። ወደ እኩለ ሌሊት በታኅሣሥና በጥር አናት ላይ ትወጣለች፣ ጥላውም እግር ሥር ይወሽቃል። ጥላ በሁለት አቅጣጫ ከተዘረጋ ሁለት ጨረቃ አላችሁ ማለት ነው።

ሁለት ፍላሽ ብቻ ያለው ሰው ይህን ይተወው። ድንግዝግዝታው ራሱ ሰማያዊውን ይሰጣል።

እንፋሎትና ጭስ

የጀበና እንፋሎት ከፊት ሲበራ አይታይም፤ ከኋላ ሲበራ ብቻ ነው። ካሜራው፣ ጀበናውና የጨረቃው ፍላሽ ወደ አንድ መስመር ይጠጉ፤ ከጀበናው አፍ ኋላ ያለው ነገር ደግሞ ጨለማ ይሁን። ብሩህ ድንኳን ፊት እንፋሎት ቢነሣ ይጠፋል። ብርዱ እዚህ ላይ ወዳጅ ነው፣ እንፋሎቱን ያወፍረዋል። ዕጣን ከጭስ ማሽን በላይ ይሠራል፦ ከማንሳታችሁ 15 ወይም 20 ሰከንድ በፊት ትንሽ ፍም ላይ ይርገፍ። ነፋሱ ወደ ካሜራው እየነፈሰ ከሆነ አታጭሱ፤ ፎቶው በሙሉ ይገረጣል።

የማንሳቱ ቅደም ተከተል

መብራቶቹን ሁሉ አጥፍታችሁ፣ ፀሐይ ከጠለቀች 20 ደቂቃ በኋላ፣ በ1/8 ወይም በ1/4 ሰከንድ ሰማዩን ብቻ አንሡ። ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቀን ከመሰለ አሳጥሩ። ቀጥሎ ድንኳኑን ብቻ አብርታችሁ ስፌቱን ተመልከቱ። ከዚያ የከሰሉን ፍላሽ ብቻ፣ በመጨረሻ ጨረቃዋን ብቻ። እያንዳንዱን ለየብቻ ያላየ ሰው አራቱ አንድ ላይ ሲበሩ የትኛው እንዳበላሸ አያውቅም።

24ኛው ደቂቃ ላይ ሁሉም ይብራ። ሻተሩ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ 30ኛው ላይ ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ በኋላ አራት። ፍሙ ቀልቶ የሚወጣው ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲሆን ነውና በሁለት ሰከንዱ አካባቢ ብዙ አንሡ። ካሜራው ላይ ያለው ሰው ከመክፈቱ በፊት “ያዝ!” ይበል፣ ሲዘጋ “ልቀቅ!”። ፍላሹ መጀመሪያ ላይ ስለሚፈነዳ ሰዎቹ ያለቀ መስሏቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ከዚያ በከተማው መብራት ላይ የትከሻቸው መንፈስ ይቀራል። እስትንፋስ መያዝ አያስፈልግም፣ ጭንቅላት አለማዞር ይበቃል።

ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ከጨለመ በኋላ መቀጠል የሚፈልግ ትራይፖዱን ሳይነካ ሁለት ፎቶ ያንሣ፦ አንዱ ሰዎቹ በፍላሽ፣ በሁለት ሰከንድ፤ ሌላው ሰው የሌለበት፣ መብራቱ ሁሉ የጠፋበት። ሁለተኛው ሙሉ ጨረቃ ካለች በዚያው አይኤስኦ 800ና ኤፍ 4 ወደ 11 ሰከንድ ይፈልጋል። ከዋክብት ከሆነ በ24 ሚሊ ሜትር ከ20 ሰከንድ አይለፍ፣ ነጥቦቹ ወደ ጭረት ይለወጣሉ። ሁለቱ በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ይደረባሉ።

ቦታው ላይ ሳላችሁ አጉልታችሁ የምታዩት

የድንኳኑ ገመዶች እንደ ነጭ መስመር ካበሩ ውስጣቸው ብርሃን የሚመልስ ክር አለ፤ የከሰሉ ፍላሽ አግኝቷቸዋል። ጥቁር ፕላስተር ጠቅልሉባቸው ወይም የካሜራው በኩል ያሉትን ፍቱ። የስፖርት ጃኬትና ጫማ ላይ ያለው ብርማ መስመርም እንዲሁ ነው። መነጽር ያደረገ ሰው አገጩን ትንሽ ዝቅ ያድርግ። እሳት ዳር ያለ እጅ ሁለት ጥላ ከጣለ ከሰሉ አጠገብ ከአንድ በላይ መብራት አድርጋችሁ ተራርቀዋል ማለት ነው፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሰብሰቡ። የከተማው መብራት ሰማያዊ ከሆነባችሁ አትደንግጡ፣ ነጩ የመንገድ ኤልኢዲ በ3,800 እንዲህ ይወጣል፤ በኋላ ለብቻው ይስተካከላል። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ፎቶው ድፍን ካለ ሌንሱን በባትሪ እዩት፦ ጤዛ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ጠርጉ፣ እስትንፋሳችሁን ግን አትተንፍሱበት። የሱሉልታ ሜዳ ላይ ይህ በየግማሽ ሰዓቱ ይሆናል።

የካሜራው ስክሪን ጨለማ ውስጥ ያታልላል፤ ዓይናችሁ ሰፍቶ ስለሆነ ጥቁሩን ፎቶ ብሩህ ያስመስለዋል። የስክሪኑን ድምቀት ወደ ዝቅተኛው አውርዱና ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ጨለማ በግራ፣ ብርሃን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ) እመኑ። አብዛኛው ወደ ግራ የተከመረ፣ ቀኝ ጠርዙን የነካው ጥቂት ብቻ መሆን አለበት።

ስትጨርሱ ፍሙን በአፈር ማልበስ አይበቃም፤ ከሥር ሰዓታት ይቆያል። ውኃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አገላብጡ፣ ደግማችሁ አፍስሱ፣ ከላዩ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ፈትሹ። ካሜራውን ወደ ሞቀው መኪና ከማስገባታችሁ በፊት ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን እሰሩ፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ያርፋል። ቤት ደርሳችሁ ሙቀቱ እስኪስተካከል አንድ ሰዓት ያህል አትፍቱት።